የኬርቴስ ካሜራዎች

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጻፍኩት አንድ መጣጥፍ ላይ «ወጡን የሚያጣፍጠው ድስቱ አይደለም» ብዬ ነበር። ጉዳዩ ስለ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶ የሚያነሣው ዓይን ነው፤ ካሜራ ዕቃ ነው፤ ስለ ዕቃ ማውራት ደግሞ የነጋዴ እንጂ የሐያሲ ሥራ አይደለም ማለቴ ነበር። ጽሑፉን ያነበበ አንድ ፎቶ አንሺ ወዳጄ ቡና ስንጠጣ ጠብቆ፣ «ለመሆኑ በሸክላ ድስትና በብረት ድስት የተሠራ ዶሮ አንድ ይጥምሃል?» አለኝ። ሳቅሁ እንጂ መልስ አልነበረኝም። መልሱን ያገኘሁት ቆይቶ፣ የአንድ ሃንጋሪያዊ ፎቶግራፍ አንሺ ሥራዎች የተሰበሰቡባቸውን መጻሕፍት ሳገላብጥ ነው። እነሆ ዛሬ ቃሌን ላጥፍ ነው።

ሰውየው አንድሬ ኬርቴስ ይባላል። በ1894 ቡዳፔስት ተወለደ፤ በ1985 ኒው ዮርክ ላይ ዐረፈ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከሰባ ዓመት በላይ ፎቶ አንሥቷል። በሃንጋሪ፣ በፈረንሳይና በአሜሪካ ኖሯል። ስለ እርሱ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የዓይኑን ረቂቅነት ያወድሳል፤ ካሜራዎቹን ግን እንደ ጫማ ይቆጥራቸዋል፤ አንዱ ሲያረጅ ሌላው ይገዛል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

የመጀመሪያውን ካሜራ የገዛው በ1912፣ በቡዳፔስት የአክሲዮን ገበያ ጸሐፊ ሆኖ በተቀጠረበት ዓመት ነው። ኢካ የሚባል፣ 4.5 በ6 ሳንቲ ሜትር በሆነ ብርጭቆ ላይ የሚያነሣ ሣጥን ነበር። አንድ ጊዜ ካነሡ በኋላ ብርጭቆውን መለወጥ ግድ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ሰውን ትዕግሥት ያስተምራል፤ ወይም ጨርሶ ያስተወዋል። ጦርነት ሲመጣ ኬርቴስ ጎርዝ ቴናክስ የተባለች ትንሽ የብርጭቆ ካሜራ ይዞ ዘመተ። ያነሣው ግን መድፍና ሬሳ አይደለም። ሰልፈኛው ሲጓዝ፣ ወታደሮች በጋራ ሽንት ቤት ጎን ለጎን ተደርድረው ሲቀመጡ፣ የጦርነትን ሥራ ፈትነት ነው ያነሣው።

በ1915 በጥይት ቆሰለ። በማገገም ላይ ሳለ በ1917 በኤስተርጎም ከተማ አንድ የመዋኛ ገንዳ ዳር ቆሞ ከውሃው በታች የሚሄድ ዋናተኛ አነሣ። ውሃው የሰውየውን አካል ስቦ አርዝሞታል፤ የብርሃን መስመሮች ጀርባው ላይ ይርመሰመሳሉ። ሰው ነው ወይስ ዓሣ ያሰኛል። የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ከካሜራው ሌንስ ፊት ሌላ ሌንስ፣ ማለትም ውሃን ራሱን፣ እንዳስቀመጠ ልብ በሉልኝ። ወደዚህ ፎቶ እመለስበታለሁ።

በ1925 ወደ ፓሪስ ሄደ። በ1926 ሠዓሊው ሞንድሪያን ቤት የተነሣችው ፎቶ የብርጭቆ ካሜራ ዘመኑ ፍሬ ናት። ጠረጴዛ፣ አበባ የያዘ ዕቃ፣ የተከፈተ በር፣ ከበሩ ወዲያ የሚጠማዘዝ ደረጃ። ማንም የለበትም፤ ሞንድሪያን ግን አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1928፣ ላይካ ገዛ። ላይካ በ1925 ገበያ የወጣ፣ በሲኒማ ፊልም ላይ የሚያነሣ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ካሜራ ነው። ከዚያ ወዲያ ብርጭቆ መለወጥ ቀረ፤ ፊልሙን አንድ ጊዜ አጠንጥኖ ወደ ሠላሳ ስድስት ጊዜ ማንሣት ሆነ። በዚያው ዓመት ያነሣትን የሙዶንን ፎቶ እንይ። ከኋላ በረጅሙ ድልድይ ላይ ባቡር ያልፋል፤ ከፊት ባርኔጣ ያደረገ ሰው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ይመጣል። ባቡሩና ሰውየው አይተዋወቁም። ያገናኛቸው ያ ቅጽበት ብቻ ነው። በኢካው ቢሆን ኖሮ ብርጭቆው እስኪለወጥ ባቡሩም አልፎ፣ ሰውየውም ቤቱ ገብቶ ነበር።

ስለ 1933ቱ «የተዛቡ ምስሎች» ብዙ አልናገርም። ለአንድ የፓሪስ መጽሔት ብሎ ሁለት እርቃናቸውን የሆኑ ሴቶችን በመዝናኛ ቦታ በሚገኙ ጠማማ መስተዋቶች ውስጥ አነሣ፤ ወደ ሁለት መቶ ፎቶ ይሆናል። ሐያስያን ያደንቁታል። እኔ ግን ብልሃቱን እንጂ ሰዎቹን አላይም። በኤስተርጎም ውሃው በራሱ የሠራውን እዚህ በመስተዋት ሠራው። ልዩነቱ ይሰማል።

ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ነው። በ1936 ከሚስቱ ከኤልሳቤጥ ጋር ለአንድ የፎቶ ድርጅት ሊሠራ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። የአጭር ጊዜ ቆይታ ነበር የታሰበው። ሥራው አልሆነለትም፤ ጦርነቱ መመለሻውን ዘጋበት፤ በጦርነቱ ዘመን ሃንጋሪያዊ ስለሆነ እንደ ጠላት አገር ዜጋ ተቆጥሮ ደጅ ወጥቶ ፎቶ እንዳያነሣ ተከለከለ። ቀጥሎ እስከ 1962 ድረስ ለ«ሃውስ ኤንድ ጋርደን» መጽሔት የሀብታም ሰዎችን ሳሎን ሲያነሣ ኖረ። የተለመደው ፍርድ እነዚህ ዓመታት ባከኑ የሚል ነው። ኬርቴስ ራሱም እስኪያረጅ ድረስ በምሬት ሲናገረው ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ከባለቤቱ ጋር መከራከር ድፍረት መሆኑን ባውቅም።

በ1952 ባልና ሚስቱ ዋሽንግተን ስኩዌር የተባለውን መናፈሻ ከላይ ወደሚያሳይ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ገቡ። ኬርቴስ ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ሌንስ ይዞ መስኮቱ አጠገብ ቆመ። በ1954 ክረምት ያነሣትን ታውቋት ይሆናል፤ በረዶ የሸፈነው መናፈሻ፣ ጥቁር ቅርንጫፎች፣ አጥር፣ በመካከሉ አንድ ብቻውን የሚሄድ ሰው። ረጅም ሌንስ የፊቱንና የኋላውን አጣብቆ ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ስለዚህ ቅርንጫፉና አጥሩ ነጭ ወረቀት ላይ እንደ ተጻፈ የእጅ ጽሑፍ ናቸው። በፓሪስ ላይካውን ይዞ ሰው መሐል ይገባ የነበረው ሰው አሁን ከላይ ነው የሚያየው። ሰላም የሚለው የለም፤ መንገደኛውም መታየቱን አያውቅም። ስደት ምን እንደሚመስል በስደተኛ ፊት ላይ ሳይሆን በስደተኛው ዓይን ርቀት ያሳየ ፎቶ ከዚህ ሌላ አላየሁም። ይህን የሠራው ዓይኑ ብቻ ነው ልበል? አልችልም። ሌንሱ ባይኖር ያ መንገደኛ የጉንዳን ያህል ነጥብ ነበር።

በ1963 ፈረንሳይ ትቷቸው የሄደው ኔጋቲቮቹ ተገኙለት፤ በ1964 በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራው ታየ፤ ዝናው ዘግይቶ መጣ። ግን በ1977 ኤልሳቤጥ በካንሰር ሞተች።

ኬርቴስ ፖላሮይድ ያነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ኤስ ኤክስ-70 የሚባለው ይህ ካሜራ በ1972 የወጣ፣ ተጣጥፎ የሚዘጋ፣ ፎቶውን እዚያው የሚተፋ ነው። ጨለማ ክፍል አይፈልግም፤ ፊልም ማጠብ የለም፤ ምስሉ እጅዎ ላይ እያለ ቀስ እያለ ይወጣል። መጠኑ በያንዳንዱ ጎን ስምንት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። የሸማች መጫወቻ ይሉት ነበር። ከመናፈሻው በረዶ ላይ መንገደኛ መልቀም አይችልም። የሚችለው ክፍሉ ውስጥ ያለውን፣ በእጅ የሚነካውን ነው።

አንድ ቀን በሱቅ መስኮት ከብርጭቆ የተሠራ የራስና የትከሻ ቅርጽ አየ። የአንገቱ አጣጣል የሚስቱን አስታወሰው። ገዝቶ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠውና ጠዋትም ማታም ያነሣው ጀመር። ፎቶዎቹ በ1981 «ከመስኮቴ» በሚል መጽሐፍ ታተሙ። መጀመሪያ ሳየው፣ ልናገረው እንጂ፣ የሽማግሌ ልቅሶ ነው ብዬ ቶሎ ቶሎ ነበር ያገላበጥኩት። ሁለተኛ ጊዜ እናቴ በሞተች ዓመት አየሁት። ብርጭቆው ውስጥ ሰማዩና ሕንፃዎቹ ታጥፈው፣ ተገልብጠው ይታያሉ፤ አንዳንዴ ብርሃኑ ይገባና ቅርጹ ራሱ ሊጠፋ ይደርሳል። የኤስተርጎሙ ዋናተኛ ትዝ አለኝ። ያኔ ውሃ ነበር፤ በኋላ መስተዋት፤ አሁን ብርጭቆ። ሰማንያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ላይ ያየውን እንደገና እያየ ነው። በዚህ በኩል ዓይኑ አንድ ነው፤ ያኔ የጻፍኩት ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ሃያ አምስት ዓመት በረጅም ሌንስ ሩቅ ሲያይ የኖረን ሰው ወደ መስኮቱ ደፍ የመለሰው ያ መጫወቻ የተባለ ካሜራ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኬርቴስ በ1984 መቶ ሺህ ኔጋቲቭ ለፈረንሳይ መንግሥት ሰጥቷል፤ ከእነዚያ እስከ ዛሬ ድረስ ማተም ይቻላል። ከፖላሮይዱ የሚወጣ ፎቶ ግን ኔጋቲቭ የለውም። አንድ ነው፤ ከጠፋ ጠፋ ነው።

መጽሐፉን ለዚያ ወዳጄ አዋስኩት። ስለ ድስቱ ምን እንደሚል ለመስማት ቸኩዬ በሳምንቱ ብጠይቀው፣ «ገና ሞንድሪያን ቤት ነኝ» አለኝ። መጽሐፉ ውስጥ ሞንድሪያን ቤት የለም፤ ሌላውንም መጽሐፍ ሳላውቅ ከመደርደሪያዬ ወስዷል ማለት ነው።