ያልተከፈተው ገጽ፦ የድሮ ባንድ ዘፈንን ቤት ውስጥ ዳግም ስለ መቅዳት

አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የድሮ ባንድ ዘፈን በኮምፒውተር ዳግም ሲሠራ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው። «ነፍስ የለውም» ይባላል፤ ወሬውም እዚያው ያልቃል። ይህ ፍርድ ሳያዳምጡ የሚሰጥ ፍርድ ይመስለኛል። ጥፋቱ የማሽኑ ቢሆን ኖሮ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ በ1985 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) በዋሽንግተን ብቻውን የቀዳው «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘው ካሴት ከሱቅ መደርደሪያ ባልወረደ ነበር።

ታሪኩን አላስረዝመውም። ዋልያስ ባንድ በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ከፊሉ ሲመለስ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በአዲስ አበባ ሒልተን መድረክ ላይ አብረውት ያመሹ የነበሩት የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች አጠገቡ የሉም። ያሉት ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ የሙግና የያማሃ ዲኤክስ 7 ሲንተሳይዘሮች እና ድራም ማሽን ናቸው። በእነዚህ አገሬው የሚያውቃቸውን ነባር ዜማዎች ቀዳ። ባንዱን ለመተካት አልተጨነቀም። ዜማውን ለአኮርዲዮኑ ሰጠ፤ ማሽኖቹን ማሽን ሆነው እንዲያጅቡ ተዋቸው። ካሴቱን ከዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት በ2013 ዳግም ታተመ።

እኔን የሚገርመኝ የአኮርዲዮኑ ምርጫ ነው፤ እስካሁን በቂ ትኩረት የሰጠውም ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ «ትዝታ ስለሚቀሰቅስ» ተብሎ ይታለፋል። ምክንያቱ ግን ከትዝታም በላይ የድምፅ ጉዳይ ነው። አኮርዲዮን እንደ ፒያኖ ቁልፉ የተወሰነ፣ ቅኝቱም የአውሮፓ ነው። ነገር ግን በአብዛኞቹ አኮርዲዮኖች ውስጥ ለአንዲት ቁልፍ ከአንድ በላይ የብረት ምላስ አለ፤ ምላሶቹም ብዙ ጊዜ ድምፃቸው በጥቂቱ እንዳይገጣጠም ሆን ተብሎ ይሞረዳሉ። ሁለቱ አብረው ሲነፉ ድምፁ ይርገበገባል። አንዲት ድምፅ ነጥብ መሆኗ ቀርቶ ሰፋ ያለች ቦታ ትሆናለች። በማሲንቆና በክራር ያደገ ጆሮ ደግሞ የሚፈልጋትን ድምፅ በዚያች ቦታ ውስጥ ያገኛታል። በዚህ ላይ ወናፉን የሚገፋ ክንድ አለ፤ ሐረጉ ሲያልቅ ድምፁ አብሮ ይዝላል። ኃይሉ ለብቸኝነቱ የመረጠው መሣሪያ፣ በቋሚ ቁልፍ ላይ ሆኖ ቅኝታችንን የሚያስተነፍስ መሣሪያ ነበር።

የዛሬው ቤት ቀጂ መሣሪያው ከዚያ እጅግ የተሻለ ነው።  ሮም ዳርቻ፣ ሮማኒና በሚባል ሰፈር፣ አንድ ወጣት ወዳጄ በአንቺሆዬ ቅኝት የተሠራ የድሮ ባንድ ዘፈን ዳግም ሲቀዳ አብሬው አመሸሁ። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ፣ ሁለት ኦክታቭ ያላት ኪቦርድና የጆሮ ማዳመጫ አሉ። በኮምፒውተሩ ውስጥ የፋርፊሳ ኦርጋን አለ፣ የቤዝ ጊታር አለ፣ ሦስት መለከትና ሁለት ሳክስፎን አለ። ፋርፊሳ የጣሊያን አኮርዲዮን ሠሪዎች ተዋህደው በ1946፣ ኃይሉ በተወለደበት ዓመት፣ ያቋቋሙት ፋብሪካ ነው፤ ኃይሉም በአዲስ አበባ የባንድ ዘመኑ የዚህን ፋብሪካ ኦርጋን ተጫውቷል። ልጁ ይህን ሁሉ ያውቃል። የከበሮውን ምት አንድ በአንድ በስክሪኑ የጊዜ መስመር ላይ አስቀምጦ፣ «ጋሼ፣ አሁን ልክ ነው፤ አንዲትም የሳተች የለችም» አለኝ።

አዳመጥኩት። እውነትም የሳተች አልነበረችም። ዘፈኑ ግን አንቺሆዬ አልነበረም።

አንቺሆዬ ከአራቱ ቅኝቶች ለፒያኖ ቁልፍ እጅግ የማይገዛው ነው። በክራርና በማሲንቆ ሲጫወቱት ከድምፆቹ አንዳንዶቹ በሁለት ቁልፎች መሃል ይወድቃሉ፤ የት እንደሚወድቁም እንደ ተጫዋቹ እጅ ይለያያል። የድሮዎቹ ባንዶች ኦርጋንና ጊታር ይዘው ከዚህ ችግር ጋር ኖረዋል። ዘፋኙና ሳክስፎኑ ግን ድምፁን ጎትተው ወደ ቦታው ይመልሱት ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ጎታች የለም፤ ሁሉም ቁልፍ እንደ አውሮፓው ስሌት እኩል ተከፋፍሎ ቁጭ ብሏል።

መፍትሔው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ መኖሩ ነው የሚያስቆጨኝ። በኃይሉ ዲኤክስ 7 ላይ የእያንዳንዷን ቁልፍ ቅኝት ለብቻ መለወጥ አይቻልም ነበር። ዛሬ ከቨርቹዋል መሣሪያዎች ብዙዎቹ ይህን የሚፈቅድ ገጽ አላቸው፤ ግማሽ ድምፅ በ100 ሴንት ተከፍሎ አንዲቱን ቁልፍ በፈለጉት ልክ ዝቅና ከፍ ማድረግ ይቻላል። ወዳጄ ያን ገጽ ከፍቶት አያውቅም ነበር። ግድግዳው ላይ ለጌጥ የሰቀለውን ክራር አወረድን፤ በጆሮ ቃኘነው፤ ከዚያ ኦርጋኑን ከክራሩ ጋር አስተያየን። አንዷን ድምፅ 30 ሴንት ዝቅ ስናደርጋት ዜማው መጣ። ልጁ እጁን ከመዳፊቱ ላይ አንስቶ ዝም አለ። ከዚያ ሳልጠይቀው የከበሮውን ምቶች ከመስመሩ በጥቂቱ ማንሸራተት ጀመረ።

ስለ መለከቶቹ ግን አልለሳለስም። የድሮ ባንድ ዘፈን ዳግም ሲቀዳ ከሚሠሩት ስህተቶች ሁሉ የከፋው የውሸት ትንፋሽ ነው። የዚያ ዘመን የትንፋሽ ክፍል ውበት አብረው አየር የሚስቡ ሰዎች ውበት ነበር። አንዱ ቀድሞ ይገባል፣ ሌላው ዘግይቶ ይደርሳል፣ ረጅሙ ድምፅ ላይ አንዱ ይደክማል። ከኮምፒውተር የሚወጣው መለከት አይደክምም፤ ስለማይደክምም እያንዳንዱን ሐረግ ይዋሻል። በ1980ዎቹ ኪቦርድ የትንፋሽ መሣሪያዎችን ቦታ ሲይዝ የተሰማው ቅሬታ እዚህ ላይ ተገቢ ነበር፤ ዛሬም ተገቢ ነው። ኦርጋን በኦርጋን ይተካል፣ ከበሮም በማሽን መሥራት ይቻላል። የሰው ሳንባ ግን አይተካም። መለከት የሚነፋ ሰው ከሌለ መስመሩን ለሌላ መሣሪያ መስጠት ይሻላል፤ ኃይሉ ያደረገው ይህንኑ ነው።

በየቤታችሁ የአባቶቻችሁን ባንድ ዳግም የምትቀዱ ሁሉ፣ ልመናዬ ይህ ነው፤ የመጀመሪያዋን ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት መለከቶቹን ዝጉ፣ አጠገባችሁ ያለውን ክራር በጆሯችሁ ቃኙ፣ ያንን የቅኝት ገጽ ክፈቱት።