ተደራቢ ምስል በክፍል ውስጥ፤ ከፕላዝማ ትምህርት በኋላ ሊጠየቅ የሚገባው

ኦግመንትድ ሪያሊቲ የሚባለው አሠራር የነገው ዋነኛ የመማሪያ መሣሪያ ነው የሚል አስተያየት በመምህራን ሥልጠና መድረኮች መሰማት ከጀመረ ሰንብቷል። በዚህ ጽሑፍ አሠራሩን «ተደራቢ ምስል» እንለዋለን። ቨርቹዋል ሪያሊቲ ተመልካቹን ካለበት ስፍራ ለይቶ ፍጹም ሰው ሠራሽ ወደሆነ ዓለም ያስገባዋል። ተደራቢ ምስል ግን ሰውየው አካባቢውን እያየ ሳለ፣ በሚያየው ነገር ላይ ሥዕል፣ ጽሑፍ ወይም ምልክት ያክልለታል። መሣሪያው የእጅ ስልክ፣ መነጽር ወይም ፕሮጀክተር ሊሆን ይችላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ኢቫን ሰዘርላንድ በ1968 እ.ኤ.አ. በራስ ላይ የሚጠለቅ መሣሪያ ሲሠራ ክብደቱ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ይያዝ ነበር። ስያሜው የወጣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በቦይንግ የአውሮፕላን ኩባንያ ሲሆን፣ ዓላማውም የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚዘረጉ ሠራተኞች በመመሪያ ወረቀትና በሥራቸው መካከል ዓይናቸውን እንዳያመላልሱ ለመርዳት ነበር። ምስሉ ይመራ የነበረው በሥራ ላይ ያለን እጅ መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል። ወደኋላ እንመለስበታለን።

በገበያ በኩል ያለው ታሪክ ለአቃጅ የሚያስተማምን አይደለም። የጉግል መነጽር በ2013 እ.ኤ.አ. ታይቶ በ2015 ለሕዝብ መሸጡ ቆመ። ማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ የተባለውን መነጽሩን ማምረት በ2024 አቋረጠ። በዚያው ዓመት አፕል ያወጣው መሣሪያ ዋጋው 3,499 የአሜሪካ ዶላር ነበር። በብዙ ሕዝብ እጅ የገባው በእጅ ስልክ የሚሠራው ዓይነት ብቻ ነው።

በአገራችን ለዚህ ጉዳይ የቅርብ አስተማሪ የሚሆነን በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ነው። መጀመሪያ ላይ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁት ትምህርቶች በሳተላይት እየተሠራጩ ወደየክፍሉ ይገቡ ነበር። ሥራውን በጅምላ ማውገዝ ፍትሐዊ አይሆንም። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የተቀመጠ ተማሪ የኬሚስትሪ ሙከራን በዓይኑ ማየቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ጉድለቱ ከምስሉ ጥራት ይልቅ በሰዓቱ ባለቤትነት ላይ ነበር። ትምህርቱ ከሩቅ በተወሰነለት ፍጥነት ይሄዳል፤ ተማሪው እጁን ቢያወጣ የሚያቆምለት የለም። መምህሩ በክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ በተሰጡት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ተወስኖ በገዛ ክፍሉ ውስጥ ታዛቢ ሆነ። መብራት ከጠፋም ያመለጠው ትምህርት አመለጠ ማለት ነበር። እንግሊዝኛው ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ሲማር ቆይቶ ዘጠነኛ ክፍል ለደረሰ ልጅ እጅግ ይፈጥንበት ነበር።

ስለዚህ ተደራቢ ምስል ሲቀርብልን ልናስቀድመው የሚገባው ጥያቄ «ምን ያህል ያስደንቃል?» የሚለው አይደለም። የሚያስቆመው ማን ነው? የሚደረበውስ በምን ላይ ነው?

ሁለተኛውን ጥያቄ ወደ ሁሩሙ ወስደን እንመልከተው። ሁሩሙ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በመዘገበው የያዮ የቡና ደን የባዮስፌር ክልል ውስጥ ድርሻ ያላት ወረዳ ናት። የዱር ቡና ከትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት አገር ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ የቡና አበባን ክፍሎች በስልክ መስታወት ላይ በተደረበ ሥዕል ለማስተማር መነሣት፣ ለዚህ ጸሐፊ፣ ውኃ ዳር ቆሞ የውኃ ሥዕል እንደመግዛት ነው። ልጁ አበባውን ቆርጦ፣ ገነጣጥሎ፣ ቆጥሮ ሊማር ይችላል።

ከዚህም የጠነከረ ማስረጃ አለ። የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን በ1971 እ.ኤ.አ. ከታየ በኋላ፣ ተመራማሪዎች በበሽታው ከተጠቁት መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ዛፎች ፍለጋ በየማሳው ተዘዋውረዋል። 74110 እና 74112 በሚል ቁጥር የሚታወቁት በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች የተመረጡት በመቱ አካባቢ በቢሻሪ ነው፤ ቁጥሮቹ የሚጀምሩበት 74 ምርጫው የተካሄደበትን 1974 እ.ኤ.አ. ያመለክታል። ይህ ሥራ የተጀመረው አንዱን ዛፍ ከጎረቤቱ ለይቶ ማየት በሚችል ዓይን ነው። ቅጠሉን ገና ሳያገላብጥ ስልኩ ስም የሚነግረው ተማሪ እንዲህ ያለውን ዓይን ከወዴት ያመጣዋል?

ይህ ማለት ግን ተደራቢ ምስል ለኢሉባቦር ትምህርት ቤቶች አያስፈልግም ማለት አይደለም። በዓይን የማይታየውን ለማሳየት፣ ለምሳሌ የማግኔትን የኃይል መስመር ወይም በደረት ውስጥ የሚመታውን ልብ፣ የሚተካከለው መሣሪያ ጥቂት ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ሊጠና የሚገባው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የተሠራው የአሸዋ ሣጥን ነው። አሸዋ የሞላበት ሣጥን ከላዩ ርቀት የሚለካ ካሜራና አንድ ፕሮጀክተር ይንጠለጠልበታል። ተማሪው በእጁ ኮረብታና ሸለቆ ሲሠራ፣ የከፍታ መስመሮችና ቀለማት ወዲያውኑ በአሸዋው ላይ ይሣላሉ፤ አሸዋው ሲናድ መስመሮቹም አብረው ይለወጣሉ። እጁን ከአሸዋው በላይ ሲዘረጋ በምስል ዝናብ ይዘንባል፣ ጎርፉም ቁልቁለቱን ተከትሎ ይወርዳል።

የካርታ ንባብ ያስተማረ ሁሉ የዚህን ዋጋ ያውቃል። የከፍታ መስመር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲሣል፣ ተማሪው ክቦችን መገልበጥ ይማራል እንጂ ተራራው አይታየውም። የሶርን ሸለቆ በእግሩ ወርዶ የሚወጣ ልጅ ጉልበቱ የሚያውቀውን ዳገት ዓይኑ በወረቀት ላይ ሲያጣው ያሳዝናል። የአሸዋው ሣጥን ሁለቱን ያገናኝለታል። መነጽር አያስፈልግም፤ ሣጥኑን በርካታ ልጆች ከበው ይሠሩበታል፤ መምህሩ «ቁሙ፤ ይህ ጎርፍ ለምን ወደዚህ ዞረ?» ሊል ይችላል። እጅ በሥራ ላይ ነው፣ ምስሉም ይከተለዋል። የቦይንግ ሠራተኞች ጉዳይ እዚህ ላይ ይታወሳል።

የቋንቋውም ነገር በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ተደራቢ ምስል አብዛኛውን ጊዜ ስም ለጣፊ ነው፤ በዛፉ፣ በድንጋዩ፣ በአጥንቱ ላይ ቃል ይለጥፋል። በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። የጉግል የትርጉም አገልግሎት አፋን ኦሮሞን የጨመረው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለትምህርት የሚሸጡ የተደራቢ ምስል ሥራዎችም በብዛት የሚመጡት በእንግሊዝኛ ነው። መምህሩ ጽሑፉን አውጥቶ በራሱ ቋንቋ ሊተካበት የማይችል ሥራ ቢገዛ፣ የፕላዝማው ችግር መጠኑ አንሶ በየተማሪው እጅ ይገባል። የአሸዋው ሣጥን ከዚህም ነጻ ነው፤ መስመርና ቀለም እንጂ ቃል የለበትም።

ለሙከራ ያህል አንድ ሣጥን በአንድ የጉድኝት ማእከል ቢቆም የአካባቢው ትምህርት ቤቶች በተራ ሊገለገሉበት ይችላሉ። ሣጥኑን የመንደር አናጺ ይሠራዋል፤ አሸዋ የማይገኝበት ወረዳ የለም፤ የኮምፒዩተሩም ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። ወጪው ኮምፒዩተሩ፣ ካሜራውና ፕሮጀክተሩ ነው። መብራት በጠፋ ቀንም አሸዋው በቦታው አለ፤ መምህሩ በክር የከፍታ መስመር እየዘረጋ ትምህርቱን ሊቀጥል ይችላል።