«አጋነነ» ስለተባለው ግስ ፍችና አገባብ

«አጋነነ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን «ከእውነቱ በላይ አሳድጎ ተናገረ» የሚለው ፍች ነው። ፍቹ ትክክል ነው፤ ሆኖም ለተርጓሚ ብቻውን አይበቃም።

ግሱ «ታላቅ ሆነ፣ ስሙ ተጠራ» ማለት ከሆነው «ገነነ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ከዚሁ ሥር «አገነነ» ሲወጣ «አከበረ፣ ከፍ አደረገ» ማለት ስለ ሆነ ምስጋና አለበት። «ገ» ራብዕ ሆና «አጋነነ» ስትል ግን ነቀፌታ ይገባበታል። «ተማሪዎቹ መምህራቸውን አገነኑ» ብንል አከበሩት ማለታችን ነው፤ «ሥራውን አጋነኑ» ብንል ከልክ አለፉ ማለታችን ነው። «ግነት» ደግሞ፣ ከ«ቀለለ» «ቅለት» እንደሚወጣ ሁሉ፣ በቅርጹ የ«ገነነ» ነው። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ግን የዘይቤ ስያሜ ሆኖ የሚያገለግለው በ«አጋነነ» ፍች ነው። ስለዚህ ገጣሚን «ግነት ተጠቀመ» ማለትና «አጋነነ» ማለት እኩል አይመዝኑም።

ይበልጥ የሚያሳስበው «የተጋነነ ዋጋ» የሚለው የጋዜጣና የጽሕፈት ቤት አነጋገር ነው። በዚህ አገባብ የተዋሸ ነገር የለም። ነጋዴው የሚፈልገውን ገንዘብ በግልጽ ተናግሯል፤ ከልክ ያለፈው ዋጋው ራሱ ነው። ገበያተኛው ይህንኑ «ዋጋው ተሰቀለ» ይለዋል።

ልዩነቱ እንደ ወልቂጤና ቡታጅራ ባሉ የንግድ ከተሞች ክብደት አለው። ዛሬ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናቸው። በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ በቸሃ፣ በመስቃን ወይም በሌላ አፍ ለሚነጋገር ገበያተኛ መተርጐም ሊያስፈልገው ይችላል። ቮልፍ ሌስላው በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ባለ3 ቅጽ የጉራጌ ሥርወ ቃል መዝገብ 12 ዘዬዎችን ለይቶ መዝግቧል። ስለዚህ ለአንድ የአማርኛ ቃል አንድ «የጉራጌኛ» አቻ መፈለግ ከመነሻው አያዋጣም። ተርጓሚው የመጀመሪያውን ፍች ብቻ ይዞ «የተጋነነ ዋጋ የጠየቀ» የሚለውን «የዋሸ» በሚል ግስ ቢመልሰው ክሱ ይለወጣል። ዋጋ ያስወደደ ነጋዴ ዋጋውን ቀንሶ ይታረቃል፤ ዋሾ የተባለ ግን በቃሉ ዱቤ የሚሰጠው አያገኝም።

ስለዚህ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በ«አጋነነ» ሥር የንግግሩንና የመጠኑን ፍች በቍጥር ለይተው፣ ለእያንዳንዱም ምሳሌ ሰጥተው ቢያስገቡ ይበጃል። «አገነነ» ራሱን የቻለ ቦታ ይሰጠው። በወጣቶች አፍ የተለመደው «አካበደ»ም የንግግሩ ፍች አቻ መሆኑና የጨዋታ ቋንቋነቱ ተገልጾ ሊመዘገብ ይገባዋል። ተርጓሚውም አቻ ከመፈለጉ በፊት «ልክ ያለፈው ቃሉ ነው ወይስ ነገሩ?» ብሎ ይጠይቅ።