የታኅሣሡ ራዲዮና «አልወለድም»

በአዲስ አበባ ደቡብ በኩል ያለው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ከስሙ አንዱን ክፍል ያገኘው ያለ ሽቦ፣ በንፋስ ላይ ከሚሄደው ስልክ ነው። የኢትዮጵያ ራዲዮ በ1928 ዓ.ም. ከዚያ ሰፈር ድምፁን ማሰማት ሲጀምር ዘመኑ የጣልያን ወረራ ነበርና፣ አገሪቱ ስለ ራሷ የምትናገርበት አፍ ማግኘቷ ታላቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ንፋስ የሰጡትን ሁሉ ይሸከማል፤ በፈቃድ የተነገረውን በግድ ከተነገረው አይለይም። ይህን ጠባዩን ያገራችን ሰው በግልጽ ያየው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነው። ስለ አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ልንናገር አስበን ከራዲዮ ብንጀምር አንባቢ አይፍረድብን፤ ምክንያቱ ወደ ፊት ይታያል።

በዚያ ወር ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ፣ የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ከታኅሣሥ 4 ሌሊት ጀምሮ ዋና ከተማውን ያዙ። በማግስቱ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን በራዲዮ ቀርበው አዲስ መንግሥት መቋቋሙን፣ እርሳቸውም በደመወዝ አገራቸውን እንደሚያገለግሉ አስታወቁ። ልዑል ራስ እምሩም ጠቅላይ ሚኒስትር መሆናቸው ተነገረ። ወዲያው የፓትርያርኩ የአቡነ ባስልዮስ የውግዘት ቃል በወረቀት ታትሞ ከአውሮፕላን ተበተነ። ውጊያው ታኅሣሥ 7 ተፈጸመ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 8 ተመለሱ። የአልጋ ወራሹም ንግግር በግድ የተነበበ መሆኑ ተነገረ።

እንግዲህ በዚያ ሳምንት በወሬ ሥራ ላይ የነበረውን ሰው እናስበው። የጋዜጠኛ ሥራው ማን፣ መቼ፣ የት፣ ስለ ምን ብሎ መጠየቅ ነው። የዚያን ቀን ግን ዋናው ጥያቄ «ይህ ድምፅ የማን ነው?» የሚል ነበረ፤ እርሱንም ሊጠይቅ የሚችል አልተገኘም። ሳንሱር ሲባል በቀይ እርሳስ የተሰረዘ ቃል ብቻ የሚታየን እንሳሳታለን። የሚሰርዘው ሹም ቢያንስ ከስርዙ ሥር ሌላ ቃል እንደ ነበረ ይመሰክራል። በታኅሣሥ የታየው ግን ከዚህ የከፋ ነው፤ ቃሉ ሳይሰረዝ አፉ ተወሰደ። ያው ራዲዮ በሳምንቱ መጀመሪያ ያወደሰውን በሳምንቱ መጨረሻ አወገዘ። በሁለቱም ጊዜ «ተደረገ»፣ «ተባለ»፣ «ታወቀ» የሚሉት ግሶች አገልግለዋል፤ አድራጊውን መሸሸግ የሚወድ ሰው ከእነርሱ የተሻለ መጋረጃ አያገኝም። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የንግግርንና የጋዜጣን ነጻነት በሕግ መሠረት ሰጥቶ ነበር፤ በጭንቁ ቀን ግን ያ ነጻነት ለአንድ ጥያቄ እንኳ አልበቃም።

አንዳንድ ሰዎች የሳንሱርን ጉዳት ሲያቃልሉ «ያገራችን ሰው ሰምና ወርቅ ያውቃል፤ የተከለከለውን በቅኔ ይናገራል» ይላሉ። እኛ ይህን ሙሉ በሙሉ አንቀበለውም። ቅኔ የሚያምረው ሰሚው ጊዜ ሲኖረውና ወርቁን አውጥቶ ሲደሰት ነው። ወሬ ግን በሰም ተሸፍኖ ቢነገር ወሬነቱ ይቀራል፤ ልጁ የትኛው ጎዳና ላይ እንዳለ የሚጨነቅ አባት ቅኔ እስኪፈታ አይቆይም። ጋዜጠኛውን በግድ ባለቅኔ ማድረግ ከሁለቱ ሙያ አንዱን መግደል ነው።

ወደ መጽሐፉ የሚያደርሰን ይህ ነው። የጎጃም አቸፈር ተወላጅ የሆኑት አቤ ጉበኛ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉና በጋዜጠኝነት የሠሩ ሰው ነበሩ። ከታኅሣሡ ሁከት ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ገና በማኅፀን ያለ ሕፃን ግፍ ወደ ሞላበት ዓለም አልወጣም ብሎ የሚከራከርበት ታሪክ ነው። መጽሐፉ ለንባብ ከቀረበ በኋላ ታገደ።

ሐያሲዎች በአቤ ላይ የሚያነሡት ነቀፌታ የታወቀ ነው፤ ሰዎቻቸው ከመኖር ይልቅ ይሰብካሉ፣ ታሪኩ ቆሞ ንግግሩ ይረዝማል ይላሉ። ነቀፌታው ሐሰት አይደለም። ጥበብን ብቻ መዝነን እንፍረድ ካልን ብዙ ገጽ ሊቀነስ ይችል ነበር። ነገር ግን ያ ረጅም ንግግር ከየት መጣ ብለን ልንጠይቅ ይገባናል። በእኛ አስተያየት ስለ ድኻው፣ ስለ ዳኝነትና ስለ ሹመት የሚሟገቱት እነዚያ ገጾች በጠባያቸው የጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ ናቸው፤ ጋዜጣ አልቀበል ስላላቸው በልብ ወለድ ቤት በእንግድነት ያደሩ ናቸው። እንግዳ ሲበዛ ባለቤቱ መተኛ እንደሚያጣ ሁሉ ታሪኩ ቦታ ጠበበው። ስለዚህ ሳንሱር መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ጎድቶታል፤ አንድ ጊዜ ሳይጻፍ የሌላ ሙያ ሸክም በማሸከም፣ ሁለተኛ ከታተመ በኋላ በማገድ። ሐያሲ ሁለተኛውን ጉዳት ብቻ ቆጥሮ የመጀመሪያውን የደራሲው ጉድለት ቢያደርገው ፍርዱ ይጎድላል።

የመጽሐፉ ኃይል ግን ከስብከቱ ይልቅ በርእሱ ነው። ስለ ዓለም ክፋት ብዙ የተጻፈ ሲሆን፣ ገና አፍ ያልፈታውን ሰው ተናጋሪ ማድረግ ድፍረት ነው። የሚናገሩት ሁሉ ዝም በተባሉበት ዘመን ደራሲው ሳንሱር ያልደረሰበትን አንድ አፍ ፈልገው ከማኅፀን አገኙ። አንባቢውም ይህን ለመረዳት ፈቺ አላስፈለገውም።

ዛሬ ሕጉ ሌላ ነው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀርቷል፤ የ1987ቱም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ከልክሎታል። ቢሆንም ከሹሙ ጠረጴዛ የተነሣው እርሳስ በጸሐፊው ልብ ውስጥ እንዳይቀመጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይህን የምንጽፍበት መጽሔት ራሱ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚወጣ ነውና፣ ምክሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደርሰው ለእኛ ነው። ግሳችን አድራጊውን ይጥራ፤ ጥያቄ በጋዜጣ ላይ ይጠየቅ። ያን ጊዜ ልብ ወለድ ወደ ገዛ ቤቱ ተመልሶ ስለ ሰው ልብ በእርጋታ ይነግረናል፤ አቤ ጉበኛ ያላገኙትን ዕድል የሚቀጥለው ደራሲ ያገኛል።