ጣራ የለበሰው አደባባይ

ለመሆኑ ገበያ ምንድን ነው? ሻጭና ገዢ የሚገናኙበት ስፍራ ነው ብሎ የሚመልስ ሰው ገበያ ወጥቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ገበያ የሩቅ ዘመድ የሚጠየቅበት፣ ወሬ የሚመጣበትና የሚሄድበት፣ ኮበሌ ልጃገረድ የሚያይበት፣ በቀድሞው ዘመን ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ የሚነገርበት ስፍራ ነው። ቤሳ ያልያዘ ሰውም ገበያ ይውላል፤ «ምን ልትገዛ መጣህ?» የሚለው የለም።

ይህን ያነሣሁት ስለ አንድ ሕንፃ ለመጻፍ ነው። ሕንፃው ሳውዝዴል ይባላል። የሚገኘው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት፣ ከሚኒያፖሊስ ወጣ ብላ በምትገኘው ኢዳይና በተባለች የከተማ ዳር መኖሪያ ነው። የተከፈተው ኦክቶበር 8 ቀን 1956 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የገበያ ማእከል ከዚያ በፊትም ነበረ፤ ያው አርክቴክት በ1954 በዲትሮይት አጠገብ ያሠራው ኖርዝላንድ አንዱ ነው። ይሁን እንጂ የኖርዝላንድ መተላለፊያዎች ሰማይ ያዩ ነበር። ሳውዝዴል ግን መደብሮቹን ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር ሰብስቦ ፊቱን ወደ ውስጥ አዞረ። ዛሬ «ሞል» እያልን የምንጠራው ሁሉ ከዚህ ሕንፃ የተወለደ ነው።

አርክቴክቱ ቪክቶር ግሩን በ1903 በቪየና የተወለደ አይሁዳዊ ነበር። በወጣትነቱ ቀን ሕንፃ ሲነድፍ ይውልና ማታ መድረክ ላይ ወጥቶ በፖለቲከኞች ይሳለቅ ነበር። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ሸሽቶ ኒውዮርክ ሲገባ በኪሱ የነበረው 8 ዶላር ብቻ ነበር ይባላል። በአሜሪካ ያየው ነገር አሳዘነው፤ ሰዉ ከቤቱ ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ ቤቱ ነው። ቡና እየጠጡ የሚከራከሩበት፣ ሥራ ፈትተው የሚንሸራሸሩበት የቪየና አደባባይ የለም። ሳውዝዴል እንግዲህ የስደተኛ ናፍቆት ነው።

ሕንፃውን ያሠሩት በሚኒያፖሊስ ትልቅ መደብር የነበራቸው የዴይተን ቤተሰቦች ናቸው። 20 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፤ 72 መደብሮችና 5,200 መኪና የሚያቆም ሜዳ ነበረው። የዴይተን ተፎካካሪ የነበረው የዶናልድሰን መደብር ሳይቀር ከዚያው ጣራ ሥር ገባ። የሚኒሶታ ክረምት አጥንት ሰብሮ የሚገባ ነው፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ግን ዓመቱን ሙሉ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነበር። መካከሉን «የዘላለም ጸደይ» አሉት። ዛፍ ተተከለበት፣ ወፎች በትልቅ ጎጆ ሆነው ዘመሩበት፣ የሃሪ በርቶያ ቅርጻ ቅርጽ ቆመበት። ውጭ በረዶ ሲወርድ ከዛፍ ሥር ቡና መጠጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሊመሰገን ይገባል።

ታላቁ አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት ግን በዚያው ዓመት መጥቶ አየውና አጣጣለው። የመንደር ጎዳና ጉድለቱ ሁሉ አለበት፣ ውበቱ ግን የለውም የሚል ፍርድ ሰጠ። ራይት የተናገረው ስለ ውበት ነው። ለእኔ ግን የሚበልጠው ጥያቄ ሌላ ነው፤ አደባባዩ የማን ነው?

ግሩንን የሚወዱ ሰዎች አንድ የተለመደ መልስ አላቸው። ዕቅዱ ገበያ ብቻ አልነበረም ይላሉ፤ እውነት ነው። በ463 ኤከር መሬት ላይ መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሕክምና፣ መናፈሻና ሐይቅ ጭምር አስቦ ነበር። ገበያው ልብ፣ ሌላው አካል ይሆናል ማለት ነው። ልቡ ተሠራ፤ አካሉ ቀረ። በ1954 የወጣው የአሜሪካ የግብር ሕግ ደግሞ አዲስ የንግድ ሕንፃ ለሚያሠራ የእርጅና ተቀናሹን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዝቶ እንዲይዝ ስለፈቀደ፣ አሮጌውን ከተማ ከማደስ ይልቅ በባዶ ሜዳ ላይ አዲስ መገንባት አዋጪ ሆነ። ሞሉም እንደ አሸን ፈላ። ግሩን በ1968 ወደ ቪየና ተመለሰ፤ በ1976 ግን ከከተማዋ በስተደቡብ ትልቅ የገበያ ማእከል ተከፈተ። የሸሸው ነገር ተከትሎት መጣ ማለት ይቻላል። በ1978 ለንደን ላይ ባደረገው ንግግር ሞሎቹን ዲቃላ ብሎ ካዳቸው፤ ተቆራጭም አልከፍልላቸውም አለ። በ1980 ሞተ።

ስለዚህ ሐሳቡ መልካም ነበር፣ ያበላሹት ስግብግብ ነጋዴዎች ናቸው ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ክህደቱ ከአንጀት ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ ግን መልካቸው የአባታቸው ነው። ንድፉን እንመልከት። ወደ ሳውዝዴል እንዲመጣ የታሰበው መኪና ያለው ሰው ነው። አደባባዩ በርና ቁልፍ አለው፤ ቁልፉም በባለቤቱ እጅ ነው። አካባቢውም ሰው ተመርጦ የሰፈረበት ነበር፤ በዚያችው ኢዳይና ከ1924 ጀምሮ በተሠራ አንድ ሰፈር ነጭ ያልሆነ ሰው ቤት እንዳይገዛ በውል ተከልክሎ ነበር። እንዲህ ባለ ስፍራ የተተከለ አደባባይ ቪየናን ሊሆን አይችልም።

የቁልፉ ነገር ደግሞ በችሎት ተፈተነ። የቬትናምን ጦርነት በመቃወም በኦሪገን ግዛት በአንድ የገበያ ማእከል ወረቀት ያደሉ ሰዎች ነበሩ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 ባለቤቱ ሊከለክላቸው መብት አለው ሲል ፈረደ። ከኢዳይና አጠገብ በብሉሚንግተን በ1992 በተከፈተው ሞል ኦፍ አሜሪካም የፀጉር ልብስ ሽያጭን የተቃወሙ ሰዎች ጉዳይ ተነሥቶ የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 ያንኑ አጸና። ግሩን በመድረክ ባለሥልጣን ላይ ሲሳለቅ ያደገ ሰው ነው። በራሱ «አደባባይ» መካከል ቆሞ እንዲያ ሊናገር ቢሞክር ጥበቃው ክንዱን ይዞ ወደ መኪና ማቆሚያው ይሸኘው ነበር።

ሳውዝዴል ዛሬም አለ። አንዱ ትልቅ መደብር በ2017 ተዘግቶ በ2019 በቦታው የስፖርት ማዘውተሪያ ተከፈተ፤ ከመኪና ማቆሚያው ከፊሉም ለመኖሪያ ሕንፃ ዋለ። ግሩን የሳለው አካል ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ዘግይቶ ቁርጥራጩ መምጣት ጀመረ መሰል። ቁልፉ ግን እጅ አልለወጠም።

አዲስ አበባም ሞሎቿን አቁማለች፤ ክፉ ናቸው አልልም። ዝናብ ያስጠልላሉ፣ ንጹሕ መጸዳጃ አላቸው፣ ወጣቱም ይወዳቸዋል። ነገር ግን አንድ የቆየ ገበያ ፈርሶ በምትኩ ባለ መስታወት ሕንፃ ሊቆም ሲታሰብ፣ ንድፉን የሚያጸድቁት ሰዎች ስለ ሱቁ ቁጥርና ስለ ሊፍቱ ብቻ ባይጠይቁ መልካም ነው። ቤሳ ያልያዘው ሰው የት እንደሚቆም ንድፉ ላይ በጣታቸው ያሳዩን።