በኮድ የሚጫን በተን

«ልጄ፣ ትናንትም ሂሳቡ አልተዘጋም» አሉኝ በስልክ። የአንድ መድኃኒት ቤት ካሸር ናቸው፤ የሽያጭ ፕሮግራማቸውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን የቀኑ ሂሳብ በራሱ እንዲዘጋ ታይመር አስገብቼ ነበር። የታይመሩ ሥራ «ሂሳብ ዝጋ» የሚለውን በተን በሰው እጅ እንደተነካ አድርጎ መጫን ነው። በዊንዶውስ ፎርምስ ይህ አንድ መስመር ኮድ ነው፤ ፐርፎርም ክሊክ ይባላል። እኔ ዘንድ ስሞክረው አንድም ቀን አላስቸገረኝም። እሳቸው ዘንድ ግን አንዳንድ ማታ ይዘጋል፣ አንዳንድ ማታ አይዘጋም። የስህተት መልእክት እንኳ አያወጣም።

ነገሩ የገባኝ ሄጄ ከጎናቸው ስቀመጥ ነው። በተኑ ያለው «ሪፖርት» ታብ ላይ ነው፤ እሳቸው ቀኑን ሙሉ የሚውሉት «ሽያጭ» ታብ ላይ። ፐርፎርም ክሊክ ደግሞ በተኑ የማይታይ ወይም የተዘጋ ከሆነ ምንም ሳይል ያልፈዋል፤ ባልተከፈተ ታብ ላይ ያለ በተን እንደማይታይ ይቆጠራል። ሂሳቡ ይዘጋ የነበረው ሥራ አስኪያጁ ሪፖርት አይተው ስክሪኑን እንደዚያው ትተው በሄዱባቸው ቀናት ብቻ ነበር።

ቶሎ የመጣልኝ መላ ታይመሩ መጀመሪያ ታቡን ቀይሮ ከዚያ በተኑን እንዲጫን ማድረግ ነበር። ግን ሴትዮዋ ደረሰኝ እየጻፉ ሳለ ስክሪኑ ከፊታቸው ሊገለበጥባቸው ነው። ተውኩት።

ፐርፎርም ክሊክን አልወቅሰውም። የሰው እጅ የማይደርስበት ቦታ እሱም አይደርስም፤ በፎርሙ የመጻፊያ ሳጥን ውስጥ የተጻፈው ትክክል መሆኑን ሳያጣራ እንኳ አይጫንም። በ2006 እ.ኤ.አ. ከዶት ኔት 3.0 ጋር የመጣው ሌላው የዊንዶውስ ስክሪን መሥሪያ፣ ደብሊው ፒ ኤፍ፣ ግን በተኑ ላይ ይህን ሜተድ አላኖረም። ስለዚህ ብዙዎቻችን የክሊክ ኢቨንቱን በሬይዝ ኢቨንት እንቀሰቅሳለን። እዚህ አደጋው ይገለበጣል፤ በተኑ የተዘጋ ቢሆንም ኮዱ ይሠራል፣ ከበተኑ ጋር የታሰረው ኮማንድ ግን አይነቃም። ለስክሪን አንባቢዎች የተዘጋጀው የኦቶሜሽን መንገድ ይሻላል፤ በተኑ ከተዘጋ ስህተት ይወረውራል። እሱም ቢሆን ክሊኩን ወረፋ አስይዞ ወዲያው ይመለሳል፤ ቀጣዩ መስመር ሥራው ያለቀ መስሎት አሮጌውን ቁጥር ያነባል። የጃቫ ስዊንግ ዱክሊክ ደግሞ በተኑን ለ68 ሚሊ ሰከንድ እንደተጫነ አድርጎ ያቆየዋል፤ ለተመልካች ዓይን ሲባል።

ታይመሩ የሚፈልገው ሂሳቡ እንዲዘጋ ነው፤ በበተኑ ምን ጉዳይ አለው? የመዝጊያውን ኮድ ከፎርሙ አውጥቼ ለብቻው አስቀመጥኩት፤ በተኑም ታይመሩም እሱን ይጠሩታል። ይህን ምክር ማንም ይሰጣችኋል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን በተኑ ላይ ዘብ የቆመ ነገር እንዳለ ነው። ያልተቋጨ ደረሰኝ ሲኖር በተኑን እዘጋው ነበር። ሥራው ለብቻው ሲወጣ ያ ዘብ ፎርሙ ላይ ቀረ፤ ታይመሩም ያለ ከልካይ የሚገባ ሆነ። በሙከራ ላይ ባልይዘው ኖሮ በግማሽ ደረሰኝ ላይ የቀን ሂሳብ ይዘጋ ነበር። ስለዚህ ፍተሻውን ወደ ሥራው ውስጥ አስገባሁት፤ በተኑም ልከፈት ወይስ ልዘጋ የሚለውን ከዚያ ይጠይቃል። የደብሊው ፒ ኤፍ ኮማንድ ሥራውንና «ይቻላል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ አንድ ላይ የያዘው ለዚሁ ነው።

በተንን በኮድ መጫን ዛሬም አልተውኩም፤ ግን ለሙከራ ብቻ ነው፤ እዚያ የሚፈተነው ራሱ መጫኑ ነውና።

አሁን ሂሳቡ የትኛውም ታብ ቢከፈት ማታ 3 ሰዓት ይዘጋል። ያልተቋጨ ደረሰኝ ካለ ሳይዘጋ ያድርና ጠዋት ምክንያቱን በጽሑፍ ያሳያል። ካሸሯ ዛሬም ስክሪኑን «ሽያጭ» ላይ ትተው ነው ወደ ቤታቸው የሚሄዱት።