ሰኔ ሳይገባ

የቢሮ ዕቃ የሚያልቀው ጓሮ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የብዙ መሥሪያ ቤቶችን ግቢ በጀርባ ዞር ብላችሁ ብታዩ፣ እግሩን ሰቅሎ የተገለበጠ ጠረጴዛና ስፖንጁ የወጣ ተሽከርካሪ ወንበር ተቆልሎ ጨረታ ይጠብቃል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የተረፈው በጀት እንዳይመለስ አዲስ ዕቃ ይገዛል፣ አሮጌው ይወጣል። ያን ጊዜ ዝናቡም ይጀምራል። ዕቃ ማደስ እንጀራዬ ነውና ያንን ክምር ሳይ ያንገበግበኛል፤ ስንቱ አንድ ብሎን ወይም አንድ ጎማ ጎድሎት ነው የወጣው!

ዝናቡ ሁሉን እኩል አይጎዳም። ቺፕውድ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ነው፤ የጠርዙ ልባስ ተላቆ ውኃ ከገባው ያብጣል፣ ከዚያ ወዲያ ብሎን አይዝም። እሱን ማዳን የሚቻለው ደረቅ ሳለ ብቻ ነው። ዋንዛ ግን ሌላ ነው። ሁለት ክረምት የጠጣ የዋንዛ ጠረጴዛ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ሲደርቅ ተመልሶልኛል። ስፈታው አንድም ሚስማር የለውም፤ የአግዳሚው ጫፍ ተጠርቦ እግሩ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል። የሠራው አናጢ አንድ ቀን ሌላ እጅ እንደሚፈታው አስቦ ነበር እላለሁ። በመላጊያ ፊቱን ስልገው ያ ማር የመሰለ ቀለሙ እንዳለ ነው።

ያንን እንጨት ዛሬ ከየት እናመጣለን? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሏል፤ ደግ አድርጓል። አሮጌውን ማዳን ለአየሩም ይበጃል፤ የደረቀ እንጨት ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ጠረጴዛ 10 ኪሎ ያህል ይዞ ይቆማል፤ ተፈልጦ ምድጃ ከገባ ያ ሁሉ አየር ላይ ነው።

የወንበሩ ነገር ደግሞ የገንዘብ ነው። ከውጭ የሚመጣው በዶላር ነው፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋውን የንብረት ክፍል ሰዎች ያውቁታል። ወንበር ቁልቁል እየሰመጠ ካስቸገረ ጥፋቱ የፒስተኑ ነው፣ እሱም ከሌላ ወንበር ተነቅሎ ይገጠማል። ጨርቁን እዚሁ እናለብሳለን፤ ክፍያው ለሰፊውና ለአናጢው ይደርሳል።

ባለፈው ግንቦት አንዲት የንብረት ኃላፊ ቀድማ ደወለችልኝ። ከ11 ወንበር 8 አወጣሁላት፤ የ3ቱ ብረትና ጎማ ለሌሎቹ መለዋወጫ ሆነ። ሰኔ 30 የዚያ መሥሪያ ቤት ጓሮ ባዶ ነበር።